ምንም ያልተጨመረላት ፎር ዊል ድንጋያማ መንገድ ላይ

ድንጋያማ መንገድ ላይ መኪና የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት ስላነሳት አይደለም። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና፣ አራቱንም ጎማ የምታዞር፣ ባለቤቷ ከሚገምተው በላይ አለት ትወጣለች። የሚሰብራት ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሹፌሩ የመኪናዋን ሆድ አለማወቁ። ጭቃና አሸዋ ላይ የሚሠራው ብልሃት፣ ኃይል ሰጥቶ ማለፍ፣ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ጭቃ ይሸሻል፣ አለት አይሸሽም።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ መኪናዋ ሎው፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚያበዛ ተጨማሪ የማርሽ ደረጃ፣ ሊኖራት ይገባል። አራቱንም ጎማ ታዞራለች ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሎው የሌላት መኪና ኮረኮንች ላይ በደንብ ትሄድ ይሆናል፤ የጉልበት ቁመት ያለው እርከን ፊት ግን ወይ ፍሪሲዮን ታቃጥላለች፣ ወይ የካምቢዮ ዘይት ታፈላለች፣ ወይም ሹፌሩ ተንደርድሮ እንዲመታው ታስገድደዋለች። ሦስቱም አያዋጡም።

ሆዷን ማወቅ

መንገዱን ከማየታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ መኪናዋ ሥር ተኙ። መመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ከመሬት ያለ ከፍታ የአንድ ነጥብ ቁጥር ብቻ ነው። ድንጋይ ሲመጣ የሚያስፈልጋችሁ የትኛው ዕቃ የት ጋ ዝቅ ብሎ እንደተንጠለጠለ ማወቅ ነው። ከፊት የፓራውልቱ የታችኛው ፕላስቲክ፣ የሞተር ዘይት ኮፓ፣ የመሪ ዘንጎች አሉ። መሃል ላይ ካምቢዮና ትራንስፈር (ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚከፍለው፣ ሎውንም የሚሰጠው ሳጥን)፣ እነሱን የተሸከመው አግዳሚ ብረት፣ ማርሚታ። ወደ ኋላ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ)፣ ዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው)፣ የሾክ አብዞርበር የታችኛው ማሰሪያ፣ ከሥር የሚንጠለጠል ከሆነም መጠባበቂያ ጎማው። በሜትር ለኩና ከሁሉም ዝቅ የሚሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ከሹፌሩ ወንበር ሲታዩ በግራ ይሁኑ በቀኝ፣ በቃላችሁ ያዙ። ብዙ መኪኖች ላይ የፊተኛው ዲፈረንሻል መሃል ላይ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ይህንን የሚያውቅ ሹፌር ድንጋዩን በሌላኛው ጎን ያሳልፈዋል።

የፊት ጎማዎቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ መኪናና ድፍን አክስል ያላት መኪና (ግራና ቀኝ ጎማዋ በአንድ ወጥ አግዳሚ የተያያዙ) አለት ላይ ጠባያቸው ይለያያል። ድፍን አክስል ላይ ጎማው ድንጋይ ሲወጣ ዲፈረንሻሉም አብሮ ከፍ ይላል። ለየብቻ በሚንቀሳቀስ ሥርዓት ግን ዲፈረንሻሉ ከሻሲው ጋር ስለታሰረ ጎማዎቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ሆዱ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለተኛዋን መኪና በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ከጣላችኋት፣ ቆማ ስትለካ የነበራት ከፍታ በዚያች ቅጽበት የላትም። ቀስ ብላ ብትገባ ኖሮ የማትነካውን ድንጋይ ትመታለች።

ከከፍታው ሌላ ሦስት አንግሎች አሉ፤ የፊት መግቢያ፣ የኋላ መውጫና የሆድ። መኪናዋ በፊቷ፣ በኋላዋ ወይም በሆዷ ሳትነካ የምታልፈው ጉብታ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይናገራሉ። ሰው ስለ ፊቱ ይጨነቃል፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችን መኪና በተደጋጋሚ የሚያሰናክላት ግን የሆዱ ነው። የሆድ አንግል በከፍታ ብቻ ሳይሆን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። ጂፕ ራንግለር ሩቢኮንን ውሰዱ። ከ2018 ጀምሮ በመጣው ሞዴል የባለ ሁለት በሩ የጎማ ርቀት 2,459 ሚሊ ሜትር፣ የሆድ አንግሉ 27.8 ዲግሪ ነው። ባለ አራት በሩ 3,008 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንግሉ ወደ 22.6 ይወርዳል። የፊትና የኋላ አንግላቸው ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የወጣችው ሱዙኪ ጂምኒ ከመሬት ያላት ከፍታ 210 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አጭር በመሆኗ፣ 2,250 ሚሊ ሜትር፣ 37 ዲግሪ መግቢያ፣ 28 የሆድና 49 መውጫ አላት። ረጅም ፒክአፕ የያዘ ሰው የጂምኒን መስመር ተከትሎ ሾጣጣ ጉብታ ላይ ከወጣ በሆዱ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሞላ ማስቀየር ያስባል። ሞላ ማስረዘም ሻሲውን ያነሳል እንጂ ድፍን አክስል ላይ ያለውን ዲፈረንሻል አንድ ሚሊ ሜትር አያነሳም። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የቁመቱን ጭማሪ ግማሽ ነው የሚሰጠው። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጎማ ዲፈረንሻሉን በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያነሳል። መጀመሪያ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለጠንካራ ጎማ፣ ቀጥሎ በሻሲው ላይ ለሚታሰር የጎን መከላከያ ብረት፣ ሦስተኛ ለሆድ ላሜራ ቢውል ይሻላል። ከፋብሪካ የሚመጣው ላሜራ ጠጠርና ጭቃ ለመመከት የተሠራ ስስ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ የመኪናዋን ክብደት ተሸክሞ አለት ላይ እንዲንሸራተት አልታሰበም። የጎን መርገጫውም እንደዚያው። የሰው እግር ይሸከማል፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ላይ ይታጠፍና የበሩን ሥር ይደፍቃል፤ አንዳንዴም በሩ አልከፈት ይላል። በአራት ብሎን የሚፈታ ከሆነ ፈታችሁ ቤት ተዉት። ለመጎተቻ የሚጨመረው የኋላ ኳስም መውጫ አንግልን ስለሚበላ ይውጣ።

ነፋስ መቀነስ

ምንም ሳይገዙ የሚገኝ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። በመንገድ ግፊት የተነፋ ጎማ፣ ለምሳሌ 34 ፒኤስአይ፣ አለት ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ የሹል ድንጋዩን ጫፍ በትንሽ ቦታ ስለሚሸከምም ለመቆረጥ ይጋለጣል። ነፋስ ሲቀንስ ጎማው በድንጋዩ ዙሪያ ይተኛል፣ የሚይዝበት ስፋት ይጨምራል፣ መኪናዋም መንጠር ትተዋለች። የመያዝ ኃይሉን ብቻ አትዩት፤ ንዝረቱ ሲቀንስ የመሪ ዘንግ፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ)፣ የሾክ አብዞርበር ማሰሪያ ሁሉ ዕድሜ ያገኛሉ።

ስንት? እንደ ጎማው ጎን ጥንካሬ ይለያያል። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ተራ የመንገድ ጎማ ጎኑ ስስ ስለሆነ ከ22 እስከ 25 ፒኤስአይ፣ ወደ 1.6 ባር አካባቢ፣ ይበቃዋል። ከዚያ በታች ሲሆን ጎኑ ወደ ውጭ ያብጥና ለድንጋይ ጥርስ ይጋለጣል፤ ቸርኬውም ይመታል። ለጭነት መኪና ደረጃ የተሠራ ወፍራም ጎን ያለው ጎማ ከ18 እስከ 20 ድረስ ይወርዳል። ከ15 በታች ተራ ቸርኬ ላይ አትሂዱ። መሪ ጠምዝዛችሁ ጎማው በጎኑ ድንጋይ ሲገፋ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል፤ ያንን መልሶ ማስቀመጥ ደግሞ የዳገት መሃል ሥራ አይደለም። ከኋላ ብዙ ጭነት ካለ የኋላዎቹን ከፊቶቹ በ2 ወይም 3 ፒኤስአይ ከፍ አድርጉ።

የሚረሳ ነገር አለ። ግፊት የሚለካው በቀዝቃዛ ጎማ ነው። አስፋልት ላይ አንድ ሰዓት የነዳችሁት ጎማ 34 የነበረው 38 ሊያሳይ ይችላል። በዚያው ትኩሳት 22 ላይ አድርሳችሁ ካደራችሁ ጠዋት ከ20 በታች ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በትኩስ ጎማ ስታስተነፍሱ ሁለት ሦስት ፒኤስአይ አስቀሩና ሲቀዘቅዝ እንደገና ለኩ። የቫልቩን እምብርት አውጥቶ ማስተንፈስ ፈጣን ነው፤ ግን አቧራ ውስጥ የምትወድቅ ትንሽ ዕቃ ስለሆነች ሦስት አራት መጠባበቂያ ያዙ። ነፋስ ቀንሳችሁ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ረጅም ርቀት አትንዱ። የጎማው ጎን እየተጣጠፈ ይግላል፣ ሙቀቱም ውስጡን ይፈታዋል። ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው ነፋስ እንዳይቀንስ እመክራለሁ፤ ለመመለሻ የሚሆን ነፋስ ከየትም አይመጣም።

ነፋስ መቀነስ መኪናዋን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጋታል። ይህንን ፈርቶ ሙሉ ነፋስ ይዞ የሚገባ አለ፤ የሚያገኘው ከሚያጣው በጣም ያንሳል።

ሎው፣ አንደኛ ማርሽ፣ ሚኒሞ

ትራንስፈሩ ሎው ላይ የሚሰጠው ቅነሳ ከመኪና መኪና ይለያል። አዲሷ ጂምኒ 2.0 ገደማ፣ ሃይሉክስ 2.566፣ ተራው ራንግለር 2.72፣ ሩቢኮን 4.0 ነው። ይህ ቁጥር በአንደኛ ማርሽና በዲፈረንሻሉ ቁጥር ሲባዛ መኪናዋ ምን ያህል ዝግ ብላ መዳኽ እንደምትችል ይነግራል። አንደኛ ማርሿ 4.3፣ ሎው 2.566፣ ዲፈረንሻሏ 3.9 የሆነች መኪና ብንወስድ ውጤቱ 43 ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር ጎማው 17 ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.4 ሜትር ከሆነ ፍጥነቷ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከሰው እርምጃ በታች። ያችው መኪና በሃይ (በተለመደው የመንገድ ደረጃ) አንደኛ ማርሽ በሚኒሞ 6.4 ትሄዳለች። ያ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ኮፓው ድንጋይ ሲነካ ግን ልዩነቱ በጭረትና በስብራት መካከል ያለው ነው።

ማንዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ለሙሉ ልቀቁና እግራችሁን ከፔዳሉ አውርዱ። ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ድንጋይ መውጣት የለመደ ሰው በአንድ ቀን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሽታው ከመጣም ዘግይቷል። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ትንሽ ነዳጅ ስጡት እንጂ ፍሪሲዮን አትርገጡ፤ ከረገጣችሁ መኪናዋ ነጻ ትሆንና ወደ ኋላ ትሸሻለች። አውቶማቲክ ላይ ቀኝ እግር ነዳጅ ላይ፣ ግራ እግር ፍሬን ላይ ይሁን። ጎማው ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ በፍሬኑ ካልያዛችሁት መኪናዋ በሌላኛው በኩል ዘልላ ትወርዳለች፤ ሆድ የሚመታውም በመውጣት ሳይሆን በዚያች መውረድ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ሲረገጡ ሞተሩን ያፍናሉ፤ የእናንተዋ እንዴት እንደምትሆን ሜዳ ላይ ሞክሩት። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ከበራ ቁሙ፣ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ይቀዝቅዝ፤ ሞተሩን ካጠፋችሁት ዘይቱ መዞር ያቆማል።

አውራ ጣታችሁን ከመሪው ውስጥ አውጡና ከውጭ በኩል ያዙ። በተለይ አሮጌ መሪ ላይ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በኃይል ይመለሳል፤ ጣት ይሰብራል።

ጎማው የት ይቀመጥ?

ወንዝ በድንጋይ ላይ የሚሻገር ሰው ቀጣዩን ድንጋይ መርጦ ነው እግሩን የሚያነሳው፤ እዚህም ሥራው ያው ነው፣ ልዩነቱ አራት እግር መኖሩና ሁለቱን አለማየታችሁ ነው።

አጠራጣሪ ቦታ ሲመጣ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፤ ከታች ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ ታችም እዩት። የላላ ድንጋይ በእግር ገፍታችሁ ፈትሹ። መሰረታዊው ሕግ ትልቁን ድንጋይ በጎማ መውጣት ነው፤ በሁለት ጎማ መካከል አታሳልፉት። አስፋልት ላይ የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ ድንጋይ ስናይ መሃል አድርገን እናልፋለን። መሃል ያደረጋችሁት ድንጋይ ኮፓውን ወይም ዲፈረንሻሉን ይጠብቃል። ጎማ የወጣበት ድንጋይ ግን መኪናዋን ራሷን ከፍ ያደርግላታል።

ሁለተኛው ሕግ የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አለመከተሉ ነው። መኪናዋ ስትታጠፍ የኋላው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የፊት ጎማ በሰላም ያለፈው ድንጋይ የበሩን ሥር የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ መኪናዋ በረዘመች ቁጥር ይብሳል። ድንጋዩ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ከሆነ የፊት ጎማውን ሰፋ አድርጋችሁ አሳልፉ፣ ወይም በቀጥታ ውጡበትና የኋላውም እስኪወጣ መሪውን አትጠምዝዙ።

እርከን ሲያጋጥም፣ ዳገት ላይ ያልሆነ ከሆነ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ቅረቡት፤ አንድ ጎማ ሲወጣ ሦስቱ ይገፉታል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ግድግዳ ላይ ካረፉ የሚገፋው የኋላው ብቻ ስለሆነ መኪናዋ ትንቀጠቀጥና ትቆማለች። ጎማውን እርከኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስደግፉት፣ ላስቲኩ ሲጨመቅ ይሰማችኋል፣ ከዚያ ነዳጁን በጥቂቱ ጨምሩ። ከሜትር ርቀት ተንደርድሮ መምታት ግን ቸርኬ ማጣመሚያ ነው። ዳገት ላይ ያለ እርከንን ግን ቀጥ ብላችሁ ውጡት። እዚያ ሰያፍ መሄድ መኪናዋን በጎኗ ያዘነብላታል።

እርከኑ ከጎማው ግማሽ ቁመት ከበለጠ ድንጋይ ደርድሩ። አያሳፍርም። ጠፍጣፋና የማይንከባለል ድንጋይ፣ ትልቁ ከታች፣ ክፍተቱ በትንንሹ ተሞልቶ። ስትጨርሱ ወደ ነበረበት መልሱት፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ያልጠበቀው ክምር ላይ እንዳይወጣ።

ጠቋሚ ካለ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ሰው ሲጮህ ሹፌሩ የማንንም አይሰማም። ጠቋሚው ሹፌሩ ሊያየው በሚችልበት፣ ከፊት ለፊት በርቀት፣ መኪናዋ ብትንሸራተት ከማትደርስበት ቦታ ይቁም፤ በመኪናዋና በግድግዳ መካከል ወይም ከመኪናዋ በታች ቁልቁለቱ ላይ በፍጹም። "ግራ" ከማለት እጅ ወደሚዞርበት አቅጣጫ መዘርጋት ይሻላል፤ ፊት ለፊት የቆሙ ሰዎች ግራቸው አንድ አይደለም። የተጨበጠ ቡጢ ማለት ቁም ነው። ሹፌሩ ጠቋሚውን ማየት ካልቻለ ይቁም።

አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲሆን

ከፋብሪካ የወጣች መኪና አለት ላይ የምትቆምበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚሰጠው የማዞር ኃይል እኩል ነው። አንዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እሱን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ መሬት የያዘው ጎማም ያንኑ ያህል ብቻ ያገኛል። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማ በአንድ ጊዜ ሲንጠለጠሉ ሁለቱ በከንቱ ይሽከረከራሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ቆመው ያያሉ። ነዳጅ መጨመር ይህንን ስሌት አይለውጠውም። የሚሽከረከረው ጎማ በፍጥነት እየዞረ ድንገት ድንጋይ ሲነካ ግን ያ ሁሉ ኃይል በሴሚያሱ፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው በሚሄደው ዘንግ፣ ላይ ያርፋል። ሴሚያስና ሲቪ ጆይንት (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መጋጠሚያ) የሚሰበሩት እንዲህ ነው።

ፍሬን ተጠቅሞ የሚሽከረከረውን ጎማ የሚይዝ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ካላት ሥራዋን እንድትሠራ ፍቀዱላት። ሥርዓቱ የሚነቃው ጎማ መሽከርከሩን ካየ በኋላ ነው። ብዙ ሹፌር ግርግርታውንና ንዝረቱን ሲሰማ ደንግጦ ነዳጁን ይለቃል፤ ያኔ ሥርዓቱም ይተወዋል። ነዳጁን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዙት። ፍሬኑ ይነክሳል፣ ኃይሉ ወደ ያዘው ጎማ ይሻገራል፣ መኪናዋ ትነሳለች። በዚያ ጊዜ ካልተነሳች ተዉት፤ ፍሬኑ እየጋለ ነው፣ መስመሩም ልክ አይደለም።

ሥርዓቱ የሌላት አሮጌ መኪና ላይ በግራ እግር ፍሬን ረገጥ እያደረጉ ነዳጅ መስጠት ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ደካማ ቢሆንም። የተንጠለጠለው ጎማ የሚቋቋመው ነገር ሲያገኝ ሌላኛውም ድርሻ ያገኛል። የተንጠለጠለው የኋላ ከሆነና የእጅ ፍሬኑ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚሠራ ከሆነ አንድ ሁለት ጥርስ መሳብም ይረዳል።

የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ ካለ ከእንቅፋቱ በፊት ይታሰር። ጎማ እየተሽከረከረ ሎክ መጫን ጥርሶቹን ያጋጫል። አንዴ ከታሰረ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚዞሩ መኪናዋ ቀጥ ማለት ትወዳለች፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ መሪ ብታዞሩም ፊቷ ይንሸራተታል። ካለፋችሁ ፍቱት። አንዳንድ መኪኖች ላይ ሎኩ ሲታሰር የፍሬን ኤሌክትሮኒክሱ ሁሉ ይጠፋል፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ያንን እርዳታ ያጣሉ። ስለዚህ ሎክ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ከፊት ጎማዎች አንዱ የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ሎኩን ፈትቶ ኤሌክትሮኒክሱን መጠቀም የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

ሁልጊዜ አራቱንም የምታዞር መኪና ላይ የመሃሉን ዲፈረንሻል መቆለፍ አትርሱ። መሃሏ የተቆለፈ መኪና ደረቅ አለት ላይ ጠበብ አድርጎ ሲታጠፍባት የፊትና የኋላው መጋፋት ይጀምራሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናዋ እንደተያዘች ይሰማል። ጥቂት ወደ ኋላ ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ይፈታል።

መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ሳለ ነዳጅ አትጨምሩ። ሲቪ ጆይንት በዚያ አንግል ላይ ደካማ ነው። መሪውን ግማሽ መልሱ፣ ከዚያ ኃይል ስጡ።

መውረድ፣ ማዘንበል፣ አልወጣ ሲል

ቁልቁለት በሎው አንደኛ፣ ፍሪሲዮን ሳይነካ፣ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ሲያስፈልግ ለስለስ ይበል፤ ጎማ ከቆለፈ መሪ የለም። የኋላዋ ወደ ጎን መሸሽ ከጀመረ ፍሬኑን ልቀቁና ትንሽ ነዳጅ ስጡ። ከእርከን ስትወርዱ የፊት ጎማው ካረፈ በኋላ ሆዱ፣ ከዚያ የኋላ ፓራውልቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ፊቱ ስለወረደ ብቻ እንዳለፈ አትቁጠሩት።

ጎን ለጎን ማዘንበል ከሁሉም የሚፈራው ነው። ቁጥሩን ተመልከቱ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.5 ሜትር ያላት መኪና የላይኛው ጎማዋ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ላይ ሲወጣ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨመርባታል። ተዳፋቱ ራሱ 20 ከነበረ ወደ 30 ተጠጋ ማለት ነው፤ ጣራዋ ላይ ጭነት ካለ ደግሞ እንኳን 30 ከዚያም በታች ያሰጋል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ ይታሰር። መኪናዋ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረች መሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሩ፤ ወደ ላይ ማዞር መገልበጥን ይጋብዛል።

ዳገት አልወጣ ካለ መዞር አይሞከርም። ፍሬን ይዛችሁ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ልቀቁና ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ፍቱ፤ ሞተሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ ያወርዳታል። ማርሿ ነጻ ሆና በፍሬን ብቻ ወደ ኋላ የምትወርድ መኪና የፊት ጎማዎቿ ቀላል ስለሆኑ ይቆልፋሉ፣ ፊቷም ይዞራል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልወጣች መስመር ቀይሩ እንጂ ፍጥነት አትጨምሩ።

በሆዷ ስትቀመጥ

ነዳጅ አትስጡ። ክሪክ አውጡ፣ ሥሩ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ አድርጉ፣ የማትነሳዋ ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይቀመጥ፣ አንሱና ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደርድሩ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር እጅም ቢሆን አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ከማንኛውም ጉተታ ያነሰ ጉዳት አለው።

ጉተታ የግድ ከሆነ፣ እየተለጠጠ የሚጎትት ገመድ ለአሸዋና ለጭቃ ነው። ጎማዋ ወይም ሻሲዋ ድንጋይ ውስጥ የተሰነቀረ መኪናን በዚያ በድንገት መሳብ የሆነ ነገር መንቀል ነው። እዚህ የሚያስፈልገው የማይለጠጥ ገመድና ዝግ ያለ መሳብ ወይም ዊንች ነው። የሚታሰረውም በሻሲው ላይ ለጉተታ በተሠራ መንጠቆ ብቻ ይሁን። መኪና በመርከብ ሲጫን ማሰሪያ የሚሆኑት ስስ ቀለበቶች ለዚህ አይሆኑም። የተጎታች ማያያዣ ኳስ በፍጹም አይሆንም፤ ኳሱ ሲበጠስ መስታወት ሰብሮ ሰው ገድሏል። ሻክሉ (ገመዱን ከመንጠቆው የሚያያይዘው ብረት) የመሸከም አቅሙ የተጻፈበት ይሁን፤ ለዚህ መጠን መኪና የተለመደው 4.75 ቶን የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይራቅ፤ ገመዱን ተሻግሮ የሚሄድ አይኑር።

ከመንገዱ ስትወጡ

አስፋልት ሳትይዙ ነፋሱን መልሱ፣ ከዚያ እንደገና ሥር ግቡ። የሚፈለገው የዘይት ጠብታ፣ የተቀደደ የሲቪ ጆይንት ሽፋን፣ የተጨፈለቀ የፍሬን ቧንቧ፣ የተጣመመ የመሪ ዘንግ ነው። የሲቪ ሽፋን ከተቀደደ ግሪሱ በሚዞረው ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። ቀጥታ መንገድ ላይ መሪው ከመሃል ከወጣ ዘንጉ ተጣሟል፤ በፍጥነት አትንዱት። ጎማው ሲዞር ብረት በብረት የሚፋቅ ድምፅ ከመጣ ደግሞ ከመደናገጣችሁ በፊት በፍሬኑ ዲስክና ከጀርባው ባለው ስስ ላሜራ መካከል ጠጠር ገብቶ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት ትንሽ በመንቀሳቀስ ወይም ላሜራውን በካቻቪቴ ገፋ በማድረግ ይወጣል።

ኮፓው ከተደቆሰ ባይፈስም አትናቁት። በውስጡ ዘይት የሚስበው ቱቦ አፍ ከኮፓው ወለል በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ጉብታው እዚያ ቦታ ላይ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይጠማዋል። የዘይት ግፊት መብራት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቶሎ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ከዘገየ ወይም በሚኒሞ ብልጭ ካለ ሞተሩን አጥፉና መኪናዋ ተጭና ትሂድ። የቸርኬ ዳዶዎችና የጎን መከላከያው ብሎኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ በመመሪያው ልክ እንደገና ይጠበቁ።